ጎማ የማይበቅልበት የጎማ ከተማ

ጥያቄ፦ ክሌርሞን-ፌራን በፈረንሳይ መካከል፣ ከባሕር የራቀች ጥንታዊ ከተማ ናት። የሚሽላን ጎማ መናኸሪያ ለመሆን የበቃችው እንዴት ነው?

መልስ፦ ነገሩ የጥሬ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ዕድሉ ለወደብ ከተሞች በደረሰ ነበር። በአካባቢው በገፍ የሚገኘው ካቴድራሏ የታነጸበት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንጂ ጎማ አይደለም። የጠቀማት እጅ ላይ የቆየ ሙያ ነው። አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን በ1889 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን ሲረከቡ፣ እዚያው የነበረው የቤተሰብ ፋብሪካ የእርሻ መሣሪያና የጎማ ዕቃ ማምረት ከጀመረ ዓመታት አልፈውት ነበር። በዚያን ጊዜ የብስክሌት ጎማ ከቸርኬው ጋር በሙጫ ይጣበቅ ስለነበር፣ ሲተነፍስ ፍቆ ማላቀቅ፣ ጠግኖ መለጠፍ፣ ከዚያም እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነበር። ወንድማማቾቹ በ1891 በቀላሉ የሚፈታ ጎማ አወጡ፤ በ1946 ደግሞ ኩባንያው የራዲያል ጎማን የፈጠራ መብት አስመዘገበ።

«ይህ የሁለት ሰዎች ብልሃት እንጂ የከተማዋ ውለታ አይደለም» ይባል ይሆናል። ብልሃቱ አይካድም፤ ነገር ግን ጎማ መሥራት የለመደ ሠራተኛና ወርክሾፕ ባይጠብቃቸው ኖሮ ሐሳባቸው ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። «ምርቱ ዛሬ በየአገሩ ተበትኗል» የሚለውም እውነት ነው። ሆኖም ዋና መሥሪያ ቤቱ አሁንም እዚያው ነው፤ የምርምር ማዕከሉም ከከተማዋ አልራቀም። ማሽን ተነቅሎ ይጫናል፤ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ሙያ ግን በቀላሉ አይነቀልም።