የአንዲት ማመልከቻ መልስ

ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወድ ተማሪ አስቀድሞ ማመልከቻ ይጽፋል። በማመልከቻውም ስሙን፥ አገሩን፥ የተማረበትን ቤትና ሊማር የሚፈልገውን ትምህርት ይገልጻል። ከዚህም ጋራ የቀድሞ መምህሮቹ የሰጡትን የምስክር ወረቀት አያይዞ ያገባል። ከዚያ በኋላ ለተማሪው የሚቀረው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። አለቆቹ ወረቀቱን ይመረምሩና «ተቀብለንሃል» ወይም «አልተቀበልንህም» ብለው ይጽፉለታል። ብዙ ጊዜ ይህ ነገር በጥቂት ወር ውስጥ ያልቃል። አዳ ሎይስ ሲፑኤል የምትባል ሴት ግን ሕግ ለመማር አንዲት ማመልከቻ ጽፋ፥ «ግቢ» የሚለውን ቃል እስክትሰማ ድረስ 3 ዓመት ከ5 ወር ጠበቀች።

አዳ በአሜሪካ አገር፥ ኦክላሆማ በሚባለው ግዛት፥ በቺካሼ ከተማ በ1924 ተወለደች። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዓመትና ወር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አባቷ ሰባኪ ነበረ። አባቷና እናቷ አስቀድሞ ቱልሳ በምትባል በዚያው ግዛት ባለች ከተማ ይኖሩ ነበር። በ1921 ነጮች ተነሥተው የጥቁሮቹን ሰፈር ባቃጠሉ ጊዜ ግን የነርሱም ቤት ስለ ጠፋ ወደ ቺካሼ ተሰደዱ።

በዚያ ዘመን በኦክላሆማ ጥቁርና ነጭ ባንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ሕጉም ቅጣት ነበረው። ጥቁርና ነጭ ባንድነት የሚማሩበትን ቤት የሚያስተዳድር ሰው በየቀኑ ከ100 እስከ 500 ዶላር ይከፍላል። በዚያ የሚያስተምር መምህር በየቀኑ ከ10 እስከ 50 ዶላር፥ ከጥቁር ጋራ የሚማር ነጭ ተማሪም በየቀኑ ከ5 እስከ 20 ዶላር ይቀጣል። ለጥቁሮች ከፍ ያለ ትምህርት የሚሰጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ነበረ፤ ስሙም ላንግስተን ይባላል። አዳ በዚያ ተምራ በ1945 በክብር ተመረቀች። ነገር ግን በላንግስተን የሕግ ትምህርት አልነበረም። ጠበቃ ለመሆን የሚመኝ ጥቁር ሰው ከግዛቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር መሄድ ነበረበት። መንግሥቱም ከገዛ አገሩ ትምህርት ቤት ከማስገባት ይልቅ በሌላ ግዛት እንዲማርለት ገንዘብ መክፈልን ይመርጥ ነበር።

የጥቁሮችን መብት ለማስከበር የቆመ አንድ ማኅበር ይህን ሕግ በፍርድ ቤት ለመፈተን ፈለገ። ለዚህም ነገር ትምህርቱ የተሟላ፥ ጠባዩም የማይነቀፍ አንድ ተማሪ ያስፈልግ ነበር። ዶክተር ቡሎክ የሚባሉ የቺካሼ ሐኪም ወደ ሲፑኤል ቤት መጥተው የአዳን ወንድም ለሙኤልን ጠየቁት። ለሙኤል ግን ከጦርነት ገና መመለሱ ነበረ። ጦርነቱ ትምህርቱን አስቀድሞ ስላዘገየበት፥ አሁን ደግሞ በሙግት ብዙ ዓመት ሊያጠፋ አልወደደም። ስለዚህ በዋሽንግተን ከተማ ወዳለው ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሕግ ተማረ። በዚህ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። በርሱም ፈንታ እኅቱ አዳ «እኔ እሆናለሁ» ብላ ተነሣች።

በጃንዋሪ 14 ቀን 1946 አዳ ኖርማን በምትባል ከተማ ወዳለው ወደ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 21 ዓመት ነበረ። ከርሷም ጋራ ዶክተር ቡሎክና ሮስኮ ደንጂ የሚባሉ የጋዜጣ አዘጋጅ ሄዱ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር ጆርጅ ክሮስ የዕፀዋት ትምህርት ሊቅ ነበሩ። እንግዶቹንም በክብር ተቀብለው፥ የአዳን የምስክር ወረቀት የሚመረምር ሰው አዘዙ። መርማሪውም ወረቀቱን አይቶ በትምህርቷ በኩል አንዳች ጉድለት እንደሌለባት ተናገረ።

ይሁን እንጂ ዶክተር ክሮስ በገዛ ፈቃዳቸው ሊያስገቧት አልቻሉም። ሕጉ ከለከላቸው። ዩኒቨርሲቲውን የሚገዛው የአስተዳዳሪዎች ጉባኤም ከጥቁር ወገን የሆነ ማንም ሰው እንዳይገባ በኖቬምበር 1945 አስቀድሞ አዟቸው ነበር። ያን ጊዜ የአዳ ወገኖች አንድ ነገር ለመኗቸው፤ ይኸውም የተከለከለችበትን ምክንያት በግልጥ እንዲጽፉላት ነበር።

ይህ ልመና ትንሽ ይመስላል፤ ግን የነገሩ ሁሉ መሠረት እርሱ ነው። እውነተኛውን ምክንያት ለመሸሸግ የሚወድ አለቃ የሚያመካኝበት ነገር አያጣም። «ቦታው ሞልቷል» ይላል፤ «የተማርሽበት ቤት የታወቀ አይደለም» ይላል፤ ወይም ምንም ሳይመልስ ወረቀቱን ከሳጥን ውስጥ ያኖረዋል። እንዲህ ያለውን መልስ ይዞ ዳኛ ፊት መቆም ጭጋግን በእጅ እንደ መጨበጥ ነው። ዶክተር ክሮስ ግን እንዲህ አላደረጉም። አዳ ለመግባት የሚበቃ ትምህርት እንዳላት፥ የተከለከለችውም ስለ ዘሯ ብቻ እንደ ሆነ የሚገልጥ ደብዳቤ ጽፈው ፈርመው ሰጧት። አዳም ፍርድ ቤት የሚያደርሳትን ወረቀት ይዛ ወጣች። ዶክተር ክሮስ ደብዳቤው ዩኒቨርሲቲያቸውን እንደሚያስከስስ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ያን ቀን የሠሩት ሥራ ቀላል አልነበረም።

በኤፕሪል 6 ቀን 1946 አዳ ክሷን በኖርማን አገር ፍርድ ቤት አገባች። ከጠበቆቿ አንዱ የቱልሳው ኤሞስ ሆል፥ ሁለተኛውም ተርጉድ ማርሻል ነበሩ። ማርሻል የዚህ መከራ እንግዳ አልነበሩም። እርሳቸው የተወለዱት በሜሪላንድ ግዛት ሲሆን፥ በዚያ የነበረው የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በየቀኑ በባቡር እየተመላለሱ ተምረው በ1933 ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ዶናልድ መሪ የሚባል ተማሪ ያው የሜሪላንድ ትምህርት ቤት በከለከለው ጊዜ ስለ እርሱ ቆመው ተሟገቱ፤ ተማሪውም በ1935 ገባ።

የአዳ ነገር ግን እንዲህ ፈጥኖ አላለቀም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደባት። ይግባኝ ብላ ወደ ኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣች፤ እርሱም በ1947 ፈረደባት። አሁን የቀረው በዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብቻ ነበረ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አዳ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከከተማ ወደ ከተማ እየሄደች ነገሩን ለሕዝብ ትናገር ነበር። ሙግት ገንዘብ ይፈልጋልና፥ ብዙ መቶ ሰዎች ከኑሯቸው ቀንሰው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጡላት። እርሷም የነዚህ ሰዎች ባለዕዳ እንደ ሆነች ታስብ ነበር። መጠበቅ የሚከብደው በዚህ ነው። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ቢሰለች ትቶት ሊሄድ ይችላል፤ ሌሎች ያመኑበት ግን እንዲህ ለማድረግ አይችልም።

ደግሞም መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚያሳይ ምሳሌ በፊቷ ነበረ። ሎይድ ጌንስ የሚባል ጥቁር ተማሪ በ1935 ወደ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለመማር አመልክቶ ተከለከለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1938 ፈረደለት፤ ፍርዱም ግዛቱ ለነጮች የሚሰጠውን የሕግ ትምህርት ለጥቁሩም በገዛ አገሩ ሊሰጠው ይገባል የሚል ነበር። ነገር ግን ጌንስ ወደዚያ ትምህርት ቤት ሳይገባ በ1939 በቺካጎ ከተማ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው አልተገኘም።

በጃንዋሪ 1948 ማርሻል በዋሽንግተን በዘጠኙ ዳኞች ፊት ቆመው ስለ አዳ ተናገሩ። በ1868 በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ የተጨመረው ቃል ማንም ግዛት የሕግን እኩል ጥበቃ ከማንም ሰው እንዳይከለክል ያዛል። ዳኞቹም ነገሩን ሰምተው በ4 ቀን ውስጥ፥ በጃንዋሪ 12 ቀን ፈረዱ። ፍርዱም አጭር ነበረ፤ ግዛቱ ለሌሎች የሕግ ትምህርት በሚሰጥበት በዚያው ጊዜ ለርሷም ሊሰጣት ይገባል የሚል ነው።

ይህ ፍርድ የተሰማ ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። የኦክላሆማ አለቆች ግን ሌላ ዘዴ አሰቡ። በጥቂት ቀን ውስጥ «የላንግስተን የሕግ ትምህርት ቤት» የሚል ስም ሰጥተው፥ በግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ጥቂት ክፍሎች ውስጥ አዲስ ትምህርት ቤት አቆሙ። ሦስት መምህሮችም መደቡ። በኖርማን ያለው የሕግ ትምህርት ቤት ግን ከ1909 ጀምሮ የቆየ፥ ብዙ መጻሕፍትና ብዙ ተማሪዎች የነበሩት ነው። እርስ በርሱ የሚከራከር ጓደኛ የሌለው የሕግ ተማሪ ምን ይማራል? አዳ ወደዚህ ቤት አልገባም አለች። እንግዲህ እንደ ገና መሟገትና እንደ ገና መጠበቅ ሆነ። የኖርማን ዳኛም ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እኩል ናቸው ብሎ ፈረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊታሰብ ይገባል። በዚያ ቤት የሕግ ትምህርት የሚፈጸመው በ3 ዓመት ነበር። አዳ ባመለከተች ጊዜ ገብተው የተማሩ ነጮች ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲወጡ፥ እርሷ ገና በደጅ ነበረች።

ትምህርት ቤቱን ማቆም ግዛቱን ብዙ ገንዘብ አስወጣው፤ ተማሪም አልበረከተለትም። በ1949 የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን አሻሻለ፤ በላንግስተን የማይገኝ ትምህርት የሚፈልጉ ጥቁሮች ወደ ነጮች ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ፈቀደ፤ ነገር ግን ተለይተው እንዲቀመጡ አዘዘ። በዚሁ ዓመት በጁን 18 ቀን አዳ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ገባች። ያ ለርሷና ለጥቂቶች ተብሎ የቆመው ትምህርት ቤትም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ በስተኋላ፥ ባዶ ወንበሮች ከተደረደሩበት ወዲያ፥ ለብቻዋ ወንበር ተደርጎላት ነበር። በዚያም የጥቁሮች ቦታ መሆኑን የሚያስታውቅ ጽሕፈት ተሰቅሏል። በምግብ ቤቱም እንዲሁ የርሷ ማእድ በሰንሰለት ታጥሮ ዘበኛ ይጠብቀው ነበር። ዘበኛው ዘወር ባለ ጊዜ ግን አብረዋት የሚማሩ ነጮች ከሰንሰለቱ በታች ጎንበስ ብለው እየገቡ ከርሷ ጋራ ይበሉ ነበር፤ ይህን እርሷ ራሷ ከብዙ ዓመት በኋላ ተናግራለች። ሕጉ ከተማሪዎቹ በፊት መሻሻል ሲገባው ተማሪዎቹ ቀደሙት።

ሰንሰለቱና ጽሕፈቱ ብዙ አልቆዩም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ መክሎሪን የሚባሉ በዕድሜ የገፉ መምህር ለበለጠ ትምህርት ገብተው እንደ አዳ ተለይተው ተቀምጠው ነበር። እርሳቸው ስለ ከሰሱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 5 ቀን 1950 ተማሪን በዘሩ ለይቶ ማስቀመጥ በዚያ ቤት እንዲቀር ፈረደ።

አዳ ትምህርቷን ፈጽማ በተወለደችበት በቺካሼ ጥቂት ጊዜ ጥብቅና ሠራች። ከ1957 ጀምሮ በላንግስተን መምህር ሆና እስከ 1987 አገለገለች። ጠበቃዋ ተርጉድ ማርሻልም በ1967 በዚያው በቆሙበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ፤ ከጥቁሮችም ወገን በዚያ ወንበር ለመቀመጥ የመጀመሪያው ሆኑ።

አዳ በ1946 ስትከስ ተከሳሹ የዩኒቨርሲቲው የአስተዳዳሪዎች ጉባኤ ነበረ፤ የፍርዱም መዝገብ የርሷንና የጉባኤውን ስም ጎን ለጎን ይዞ ይገኛል። በ1992 የኦክላሆማ ገዥ ከዚያው ጉባኤ አባላት አንዷ እንድትሆን ሾማት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 68 ዓመት ነበረ። በኦክቶበር 18 ቀን 1995 አረፈች። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በስሟ የተጠራ የአትክልት ቦታ አለ።