ድግስና የሥራ ክፍፍል

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። ይህን በመኸር ጊዜ በተግባር እናየዋለን። አንዱ ያጭዳል፤ አንዱ ነዶ ያስራል፤ አንዱ ይከምራል። ደቦ የጠራ ሰው ሁሉንም ብቻዬን ልሥራ አይልም። ድግስ ላይ ግን ይህ ሲረሳ እናያለን።

የሰው ሠርግና ተዝካር በክፍያ እያሰናዱ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ። እስቲ አንዷን በምሳሌ እንመልከት። ወሩ ጥር ነው። ዓቢይ ጾም ሳይገባ ሠርግ ይበዛል። ይህች ሴት የ120 ሰው ሠርግ ለማሰናዳት ተዋዋለች። ረዳቶች አሏት። ነገር ግን «እኔ ካልነካሁት አይጣፍጥም» ትላለች። ገበያ የምትወጣው እርሷ፣ ሽንኩርት የምትከትፈው እርሷ፣ ዶሮ የምትበልተው እርሷ፣ እንጀራ የምትጋግረውም እርሷ ናት። ረዳቶቿ ቆመው ያያሉ። ቅዳሜ ሌሊት ድካም ይጥላታል። ወጡ ያርራል፤ ጠላው ሳይጠለል ይነጋል። ሠርግ ደግሞ ለሌላ ቀን አይተላለፍም። ደጋሹ በእንግዶቹ ፊት ያፍራል። እርሷም ሁለተኛ የሚጠራት ታጣለች።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ሥራውን እንቁጠር። ከአንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣል። ለ120 ሰው አንዳንድ ብልት ለማድረስ 10 ዶሮ ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው 2 እንጀራ ቢታሰብ 240 እንጀራ ይሆናል። ይህን አራት ሴቶች ቢካፈሉት ለእያንዳንዷ 60 ይደርሳታል።

ሁለተኛ፣ ለሥራው የሚሆነውን ሰው እንምረጥ። ጠላ የሚዋጣላት ጠላውን ትያዝ። ሒሳብ የሚችል ገበያ ይውጣ። ጎረምሶች ዳስ ይጣሉ፤ ውሃና እንጨት ያቅርቡ።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ሙሉ አድርገን እንስጥ። «እስቲ እንጀራውን እይልኝ» ማለት ሥራ መስጠት አይደለም። «እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ማታ 60 እንጀራ ከእርስዎ እንጠብቃለን። ዱቄቱ ይኸው። ሊጡን ረቡዕ ያቡኩ። እርሾ ቢያንስ ከጎረቤት ይውሰዱ፤ እኔን አይጠብቁ» ማለት ግን ሥራ መስጠት ነው። ስንት፣ እስከ መቼ፣ በምን እንደሚሠራ ታውቋል። ችግር ቢመጣ ራሳቸው እንዲወስኑም ተፈቅዷል።

አራተኛ፣ እንጻፈው። ፊደል መቁጠራችን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሠራተኛው ስም፣ ሥራው፣ ብዛቱና ቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። የእያንዳንዱ ክፍያም አብሮ ይጻፍ። የተጻፈ ነገር «አልሰማሁም፣ አልተነገረኝም» አያሰኝም።

አምስተኛ፣ እንከታተል እንጂ አንንጠቅ። ጠላ ዛሬ ተጠንስሶ ነገ አይጠጣም። ስለዚህ ጥንስሱንም ድፍድፉንም በየቀኑ ሄዶ ማየት ይገባል። የተበላሸ ነገር ካለ ሠሪዋን ማሳየት ነው። ማማሰያውን ከእጇ መቀማት ግን ደግ አይደለም። የተቀማች ሴት ሌላ ቀንም ሳትታዘዝ አትሠራም፤ ሙያም አትለምድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሥራው ቢካፈልም አደራው አይካፈልም። ወጥ ቢያር አሰናጇ ለደጋሹ «ያቺ ልጅ ናት ያሳረረችው» ልትል አይገባትም። ውሉን የገባችው እርሷ ናትና ተጠያቂዋም እርሷ ናት። ረዳቶቿ ይህን ሲያዩ ሳይፈሩ ይሠራሉ። እንዲህ ከሆነ አሰናጇ አንድ ቀን ብትታመም እንኳ ድግሱ አይቆምም፤ የሚበሉ ሁሉ ይበላሉ፤ የቤቷም እንጀራ አይቋረጥም።

ጥያቄዎች

1. ለ180 ሰው አንዳንድ ብልት ለማድረስ ስንት ዶሮ ያስፈልጋል?
2. በእድራችሁ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ምን ምን ይሠራሉ? ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ቢሆን ምን ይመጣል?
3. በቤታችሁ ለሌላ ሰው ልትሰጡት የምትችሉት ሥራ የትኛው ነው? ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ።