ዐይንሽ ከጉና አይነቀል

የወንድሜ ልጅ፣ አንቺና የባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ጓደኞችሽ ክረምት በገባ ቁጥር ጣና ሐይቅ ዳር ተኮልኩላችሁ «ዝናቡ ዛሬ ይመጣል፣ አይመጣም» እያላችሁ እንደምትከራከሩ ሰምቻለሁ። እናትሽ ሥራ ፈትነት ብላዋለች። እኔ አልመሰለኝም። ሰማይ መጠበቅ በዚህ አገር የቆየ ሙያ ነው፤ ገበሬው፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥረው ደብተራ ሁሉ ሲሠሩበት ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንኳ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ ጎንደር ሲከርም፣ በፈረንጆቹ 1770 እና 1771 የጎንደርንና የቁስቋምን ዝናብ እየለካ በመዝገብ አስፍሯል። ምክሬን ቁጥር የሰጠሁት እንዳይምታታብሽ ብቻ ነው፤ ሁሉም እኩል አይመዝንም።

1. ፊትሽን የሚነካውን ነፋስ አምነሽ አትቀመጪ። ከሰዓት በኋላ ሽምብጥ በኩል ውሃው ዳር ብትቆሚ ነፋሱ ከሐይቁ ነው የሚመጣው። ፀሐይ የብሱን ከውሃው ቀድማ ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቦታውን ከጣና የሚነሣው ቀዝቃዛ አየር ይይዘዋል። የክረምቱ እርጥበትም ቢሆን ከፊሉ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን አቅጣጫ ነው የሚገባልን። ስለዚህ አዲስ ጠባቂ ሁሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ዝናቡን ይጠብቃል። ዝናቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ይመጣበታል።

ነገሩን የሚወስነው ላይኛው ሰማይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከራሳችን በላይ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከሕንድ በኩል ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚነጉድ ብርቱ ነፋስ አለ። መካከለኛው ሰማይም አብዛኛውን ጊዜ አካሄዱ ወደዚያው ነው። የነጎድጓድ ደመና አናቱ እዚያ ሲደርስ ከዚህ በላይ መውጫ ስለሚያጣ ወደ ጎን ይነጠፋል፤ ንጣፉ ወደ ምዕራብ ይረዝማል፣ አካሉም ቀስ እያለ ይከተለዋል። የምሥራቁ ሰማይ የነጣ መጋረጃ የዘረጋ ከመሰለሽ ከሥሩ ያለውን ፈልጊ።

2. ስለዚህ ዐይንሽ ከጉና አይነቀል። ጉና ተራራ ከባሕር ዳር በስተ ምሥራቅ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ተራራ ከሜዳ ቀድሞ ደመና ይቋጥራል። ወደ 6 ሰዓት ግድም ነጫጭ ጉብታዎች ከላዩ ይነሣሉ፤ ጠርዛቸው የተሳለ ሆኖ ወደ ላይ ብቻ ካደጉ ነገር አለ፤ ጠርዛቸው ከተበጣጠሰና ከሳሳ የዚያ ቀን ነገር አበቃ። ደቡቡንም አትርሺ፤ የጮቄ ተራራ ከጉና ራቅ ይላል እንጂ ሥራው ያው ነው። ለማየት ቤዛዊት ኮረብታ ይመቻል፤ አዲሱ የዓባይ ድልድይም መጥፎ አይደለም።

ርቀቱን በጡጫሽ መገመት ትችያለሽ። ክንድሽን ዘርግተሽ ጡጫሽን ከአድማስ ላይ አስቀምጪው፤ ቁመቱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። የነጎድጓድ ደመና አናት እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ብንል፣ እኛ ደግሞ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆንን፣ ጉና ላይ ያለ ደመና ከጡጫ ትንሽ አነስ ብሎ ይታያል። ሁለት ጡጫ ከሞላ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶታል፤ ሐሙሲት አካባቢ ደርሷል በዪ። ታችኛው ደመና ከጋረደሽ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ያን ጊዜ እስኪመሽ ታገሺ።

3. ሲመሽ የሚሠራው ብልጭታው ነው። ነጎድጓድ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ካለፈ ጆሮ አይደርስም፤ ብልጭታ ግን በጨለማ ከ100 ኪሎ ሜትርም ይታያል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ምሥራቁ ድምፅ ሳያሰማ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ጉና አካባቢ ዶፉ ወርዷል ማለት ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ቆርቆሮሽን ይደበድባል። ሁልጊዜ አይደርስም። ግማሹ መንገድ ላይ ጉልበቱ ያልቅና የሚያስነጥስ ካፊያ ብቻ ይልክልሻል። ብልጭታው እየሰፋ ወደ ላይም ከፍ እያለ ከመጣ ግን ልብስ ከገመድ ላይ አውርዱ ማለት ነው።

የጣናን ተፋሰስ ዝናብ በሰዓት ከፋፍለው ያጠኑ ሰዎችም ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ተራራው ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁና ደቡባዊው ዳርቻ ሌሊት ይዘንብባቸዋል። ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ። ሌሊት የብሱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ግን የቀን ሙቀቱን እንደያዘ ያድራል። ከጎርጎራም፣ ከዘጌም፣ ከእኛም ዳር የሚነሣው ነፋስ ሐይቁ መሀል ይገናኝና ሽቅብ ይወጣል። ጉና ጭጭ ባለበት ሌሊት ከሰሜን፣ ከደቅ ደሴት በኩል ብልጭታ ካየሽ ጣና ራሱ የወለደው ነው። ይህኛው ጉዞ የለውም፤ ባለበት ይፈላል፣ ባለበት ይወርዳል። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ እሱ ነው፤ ሰዓት ልስጥሽ ብል አልችልም።

4. ቀን ሐይቁ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዙሪያውን ደመና ቢከብበው አትዘናጊ። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ደመናውን ወደ ዳር ገፍቶት ነው እንጂ አየሩ ተሻሽሎ አይደለም።

5. ዝናቡ ሊገባ ሲል ምልክቱ ከእግርሽ ሥር ነው። ቀኑን ሙሉ ከውሃው ሲነፍስ የዋለው ነፋስ በድንገት ይቆማል። ሐይቁ ለጥ ይላል፤ የደንገሉ ፀጉራም ራስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ያው ደንገል በተቃራኒው፣ ወደ ውሃው ይጎነበሳል፤ ከዶፉ ቀድሞ መሬት ለመሬት የሚሮጠው ቀዝቃዛ ነፋስ ደረሰ ማለት ነው። አብሮት ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ይመጣል። አስፋልቱ ላይ አቧራና ፌስታል ይነሣል፣ ዘንባባው መንጫጫት ይጀምራል። አንዳንዴ አሥር ደቂቃ አለሽ፣ አንዳንዴ የለሽም። ከተጠራጠርሽ ጥግ ላይ በቆሎ የምትጠብሰዋን ሴት እያት፤ እሷ ማንደጃዋን ስታነሣ አንቺም ተነሺ። ካየኋቸው ትንበያዎች ሁሉ የእሷን የሚያህል አላጋጠመኝም።

ስለ ወፍና ስለ ጉንዳን የሚነገረውን ሁሉ አልነቅፍም፤ አሸን ግን የሚወጣው ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ ነው፤ ነገን አይነግርሽም።

6. ይህን ሁለቴ አንብቢው። ብልጭታውን ካየሽበት ድምፁን እስከሰማሽበት ያለውን ሰከንድ ቁጠሪና ለ3 አካፍዪ፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጥሻል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ነው። በልብሽ ሳይሆን በስልክሽ ቁጠሪ፤ የፈራ ሰው ቶሎ ቶሎ ይቆጥራል። 30 ሰከንድ ከሆነ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ መብረቅ ደግሞ ዝናቡ ያልደረሰበት ቦታ ድረስ ዘልሎ ይመታል። ያን ጊዜ ጨዋታው አብቅቷል፣ ግቡ። የመጨረሻውን ጉርምርምታ ከሰማችሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትውጡ፤ «አባራ» ብሎ ቶሎ የሚወጣ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው።

የት ግቡ? ሽቦና የውሃ ቧንቧ ያለው ግንብ ቤት፣ ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና። ባጃጅ መኪና አይደለም፤ ጣራው ሸራ፣ ጎኑ ክፍት ነው። ሐይቁ ዳር በላስቲክ የተወጠረው ቡና ቤትም ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም፤ ሣር ቤትም እንደዚያው። ዋርካና ሾላ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዛፉን የመታው ከግንዱ ወደ ቆመው ሰው ይዘልላል፣ በመሬቱም ይሄዳል፤ ዛፍ ሥር የተጠለለ የከብት መንጋ ባንዴ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ቤት ከገባችሁ በኋላ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ አትያዙ።

ውሃ ላይ የምትሆኚ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ሜዳ በሆነ ውሃ ላይ ከፍ ያልሽው አንቺ ነሽ። ጣና ደግሞ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር የማይሞላ ሐይቅ ስለሆነ፣ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ቶሎ ይነሣል። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ነገደ ወይጦዎች ጠዋት ወጥተው ከሰዓት ሳይገፋ የሚመለሱት ሰንፈው አይደለም።

መብረቅ የመታው ሰው ብታገኚ ንኪው። ሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መጫን ጀምሪ፣ ሌላው ሰው አምቡላንስ ይጥራ። «አትንኩት፣ ይይዛል» የሚል ከመጣ ገለል አድርጊው።

7. ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ይሉሻል። ቀለም ምንም አያደርግም፤ ቁመትና ብቸኝነት ነው የሚጠራው። ለአያትሽ ስትይ ግን ቀዩን ሻርፕ ብትተይውም ምንም አይቀርብሽም።

8. ጣሳ አኑሪ። አፉና ቂጡ እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ይበቃል፤ ከአሸንዳና ከዛፍ ራቅ አድርገሽ፣ እንዳይገለበጥ በድንጋይ ደግፈሽ። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያ ከተሽ ሚሊ ሜትሩን ጻፊ፤ የአገሪቱ ጣቢያዎችም በዚሁ ሰዓት ነው የሚለኩት። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፤ ከዚህ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትም ቢሆን በየገጠሩ ያሉትን ዝናብ ብቻ የሚለኩ ጣቢያዎቹን የሚያስነብበው በአካባቢው ሰዎች ነው፤ አስተማሪ ይሆናል፣ ገበሬ ይሆናል። በዚህ አገር የዝናብ እውቀት ትልቁ ክፍል የቆመው በእነሱ ደብተር ላይ ነው። ሰኞ የረሳሽውን ማክሰኞ በግምት አትሙዪ፤ ባዶ ተዪው።

9. በስልክ የራዳርና የሳተላይት ምስል ማየታችሁን አልቃወምም። አለፋ ወረዳ፣ ሻውራ ላይ ራዳር ተተክሏል፤ በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ የመጠቀው አዲሱ የሜቴኦሳት ሳተላይት ደግሞ አፍሪካ ላይ የሚወድቀውን መብረቅ ከላይ ሆኖ ይቆጥራል። ጓደኞችሽ የሚጣሉበት ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ምስሉ ላይ የሚጻፈው የዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ከእሱ 3 ቀንሺ፤ 12 ካለ 9 ሰዓት ነው፣ 15 ካለ ከምሽቱ 12። ፈረንጅኛውን ሰዓት መሀል አስገብታችሁ አትደናገሩ።

10. ቀን ቁጠሪ። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምቱን ከሰኔ 26 ጀምሮ ይከፋፍለዋል፤ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለውን ክፍል መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ፣ ጠል ይለዋል። የእኔ ዐይን ግን ክፉውን ነፋስና በረዶ የሚያየው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መግቢያ ነው፤ መሬቱ እንደጋለ፣ አየሩ ገና እንደደረቀ። ቡሄ ሲያልፍ ክረምት የለም ይባላል እንጂ ጳጉሜንም መስከረምም ጎርምርመው ያውቃሉ።

11. ትንበያሽን ቦታና ሰዓት ስጪው። «ዛሬ ይዘንብ ይሆናል» ማንም ይላል፤ በነሐሴ ደግሞ አይሳሳትም። «ከምሽቱ 3 እስከ 5 ባለው ጊዜ፣ ከምሥራቅ፣ ከነጎድጓድ ጋር» ብለሽ ከምሳ በፊት ጽፈሽ ለጓደኞችሽ አሳዪ፤ ጠዋት ጣሳውን ስታዪ ያመጣውን አብረሽ አስፍሪ። ጀልባ ነጂዎች ይህን ማወቅሽን ሲሰሙ መጠየቃቸው አይቀርም። ዘጌ ደርሶ ለሚመለስ ሰው «ሰማዩ ደህና ነው» አትበዪው፤ ጉና 5 ሰዓት ላይ ጡጫ ሞልቶ ከሆነ 8 ሰዓት ሳይሞላ ዳር ግባ በዪው። ደቅ እሄዳለሁ ካለ ደግሞ ለነገ ጠዋት ይቅር በዪው፤ ቢቆጣሽም።