ሽፋኑና ውስጡ፦ ታዋቂ ፊልሞችን አስመስለው ስለሚሠሩ የሕፃናት ካርቱን ፊልሞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት መነሻው የራሳችን ስሕተት ነው። ባለፈው ክረምት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተውጣጣን ወጣቶች ለሕፃናት የክረምት ትምህርት ስንሰጥ ቆይተን፣ በመዝጊያው ዕለት ፊልም እንደምናሳያቸው ቃል ገባን። ቃል የገባነውም ልጆች ሁሉ የሚያወሩለትን አንድ ታዋቂ የካርቱን ፊልም በስሙ ጠርተን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ከሱቅ በፍላሽ አስጭኖ አመጣ። ማናችንም አስቀድመን አላየነውም።

ፕሮጀክተሩ በርቶ ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ፣ እውነተኛውን ፊልም የሚያውቁት ልጆች «ይሄ እሱ አይደለም!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ስሙ ይመሳሰላል፤ እንስሳውም ያው ዓይነት ነው፤ ታሪኩና ሥዕሉ ግን ሌላ ነው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተነሥታ «እሱ ነው! እኛ ቤት ያለው እንዲህ ነው» ብላ ተከራከረች። ሌሎቹ ሳቁባት። እርሷም ዝም ብላ ተቀመጠች፤ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለነዚህ ፊልሞች ምንነት ለማወቅ ተነሣሣን። ያወቅነውንም እንደሚከተለው እናካፍላችኋለን።

1. አስመሳይ ፊልም ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ትልቅ የፊልም ድርጅት አዲስ ካርቱን ሲሠራ ከመታየቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ለሕዝብ ያስታውቃል። ዋናው ባለ ታሪክ አይጥ ይሁን ድብ ወይም መኪና፣ ሁሉም አስቀድሞ ይታወቃል። በዚህ ጊዜ አነስተኛ ኩባንያዎች ያንኑ ዓይነት ባለ ታሪክ ይዘው፣ ስሙን አቀራርበው፣ በጥቂት ገንዘብና በአጭር ጊዜ ሌላ ፊልም ይሠራሉ። ፊልሙ ወደ ሲኒማ ቤት አይገባም፤ በቀጥታ በዲስክ ታትሞ በትልቁ ፊልም ወሬ ታጅቦ ይሸጣል። እናት ወይም አያት ልጁ የጠየቀውን ያገኙ መስሏቸው ይገዛሉ።

በዚህ ሥራ በስፋት የታወቀው ቪዴዎ ብሪንኬዶ የተባለው የብራዚል ኩባንያ ነው። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 «ካርስ» የተሰኘውን የመኪናዎች ፊልም ሲያወጣ፣ ይህ ኩባንያ በዚያው ዓመት «ትናንሾቹ መኪኖች» የሚል አወጣ። በ2007 ምግብ አብሳይ ስለሆነች አይጥ የሚተርከው «ራታቱይ» ሲወጣ፣ «ራታቶይንግ» የሚል ሌላ የአይጥ ወጥ ቤት ፊልም ተከተለ። በ2008 «ኩንግ ፉ ፓንዳ» ሲመጣም «ትንሹ ፓንዳ ተፋላሚ» የሚል አብሮ መጣ። «ራታቱይ» ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር የፈጀና ሁለት ሰዓት ለመሙላት ጥቂት የቀረው ፊልም ነው። «ራታቶይንግ» ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የተወሰኑ ትዕይንቶችም ተመልሰው ይመጣሉ። ሥዕል መሥራት ውድ ስለሆነ፣ ገንዘብ ያነሰው ሠሪ አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ይጠቀምበታል።

2. ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

እዚህ ላይ ፈጥነን እንዳንፈርድ ያስፈልጋል። ታሪክን መልሶ መተረክ ጥፋት አይደለም። ለምሳሌ የአላዲን ተረት ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ጋር የሚቆጠር ጥንታዊ ተረት ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1992 ፊልም ሲያደርገው ጉድታይምስ የሚባል ኩባንያም የራሱን አላዲን በቪዲዮ ካሴት ያከፋፍል ነበር። ዲዝኒ የካሴቱ ሽፋን የእኔን ይመስላል ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ተረቱ የሁሉም መሆኑን ተመልክቶ ለከሳሹ አልፈረደለትም፤ ነገር ግን ኩባንያው ከዚያ ወዲህ በካሴቶቹ ሽፋን አናት ላይ ስሙን እንዲያትም ተደረገ። ተረቱን ንገር፣ ማን እንደሆንክ ግን አትደብቅ እንደ ማለት ነው።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሰው ሐሳቡን የገለጸበትን ሥራ እንጂ ባዶ ሐሳብን አይደለም። ስለ አይጥ ወጥ ሠሪ መተረክ ለማንም አልተከለከለም። የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃዱ መቅዳት ግን የተከለከለ ነው። በዚህ በኩል እኛም በፍላሽ አስጭነን ስናመጣ ንጹሓን አልነበርንም፤ ይህንንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

በቤተ ክርስቲያናችንም ቢሆን መቅዳትና መምሰል የተናቀ ነገር አይደለም። የዜማ ተማሪ የመሪጌታውን ድምፅ እየተከተለ ይማራል። ሠዓሊውም የቀደመውን ሥዕል እያየ ይሥላል። ቁም ጸሐፊው መጽሐፍ ሲገለብጥ ከቃሉ እንዳይወጣ ይጠነቀቃል፤ በመጨረሻም ለጻፈውና ላጻፈው ጸሎት እንዲደረግ ስማቸውን ያኖራል እንጂ ድርሰቱን የእኔ ነው አይልም። እንግዲህ ልዩነቱ መምሰሉ ላይ ሳይሆን ማሳሳቱ ላይ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 ነጋዴ በከረጢቱ ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ እንዳይዝ ይከለክላል። ትንሹ ድንጋይ በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ በትልቁ ስም ሲመዘንበት ግን ሌብነት ይሆናል።

3. የራሱን ስም ያጣ ፊልም

ከሁሉም ይልቅ ያስገረመን የሚከተለው ታሪክ ነው። በካናዳ አገር በሰሜን በረዶ ውስጥ የሚኖሩትን የኢንዊት ሕዝቦች አፈ ታሪክ መሠረት ያደረገ «የሳሪላ አፈ ታሪክ» የተባለ የካርቱን ፊልም ተሠራ። ይህ ፊልም የማንም ግልባጭ አልነበረም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የዲዝኒ «ፍሮዝን» ሲወጣ፣ አከፋፋዩ ኩባንያ የሳሪላን ስም ፍቆ «ፍሮዝን ላንድ» አለው፤ የሽፋኑንም ጽሕፈት ከዲዝኒው ጋር አመሳሰለው። ዲዝኒ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከሰሰ፤ በተከታዩ ወር ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ አከፋፋዩ 100,000 ዶላር ለመክፈልና ስያሜውን ለመተው ተስማማ።

ልብ እንበል፦ ውስጡ እውነተኛ ነበር፤ የዋሸው ሽፋኑ ነው። ጥቂት ገበያ ለማግኘት ሲባል የአንድ ሕዝብ የራሱ ታሪክ የሌላ ሰው ጥላ ሆኖ ወጣ። የገዛውም ሰው «ፍሮዝን» አለመሆኑን ሲያይ ይናደዳል እንጂ ስለ ሳሪላ አያስብም። ማስመሰል እንግዲህ የሚጎዳው ባለቤቱንና ገዢውን ብቻ አይደለም፤ አስመሳዩንም የራሱን ነገር ያሳጣዋል።

4. ርካሽ ማለት ሐሰተኛ ማለት አይደለም

ምናልባት አንዳንዶቻችን «ገንዘብ የሌለው ሰው ከማስመሰል ሌላ ምን አማራጭ አለው?» እንል ይሆናል። ለዚህ መልሱ ከአገራችን አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ለ40 ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ትውልድ የሚያስታውሰው ድምፃቸውንና ፊታቸውን እንጂ የስቱዲዮውን ዕቃ አይደለም።

ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2006 መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን የልጆች ዝግጅት ጀመሩ። ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ናት። በአሻንጉሊት ልጆችን በቴሌቪዥን ማስተማር አዲስ ነገር አልነበረም፤ በአሜሪካ «ሰሳሚ ስትሪት» ይህን የጀመረው በ1969 ነው። እነርሱ ግን የሰሳሚ ስትሪትን አሻንጉሊት መልክና ስም አልወሰዱም፤ የራሳቸውን ቀጭኔ በአማርኛ አናገሯት እንጂ። ዝግጅቱ በ2008 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ፤ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ከተሰጣቸው ወጣቶች አንዷ ሆኑ። ካልሲዋ ርካሽ ናት፤ ነገር ግን ማንንም አላታለለችም።

5. ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ

ሦስቱ ከተሞቻችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ አንዱ በጅማ መንገድ፣ አንዱ በአምቦ፣ አንዱም በጎጃም መንገድ ላይ ናቸውና ልጆቻችንን በአንድነት የምናገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ በሦስቱም ቦታ የሚታይ የራሳችን አጭር ፊልም ለመሥራት ተስማማን። የመረጥነውም የቅዱስ ያሬድን የልጅነት ታሪክ ነው፤ ይኸውም ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የወጣውን ትል ያየበትን ነው። ትሉንም ዛፉንም ከወረቀት ቆርጠን፣ ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀስን በስልክ ፎቶግራፍ እናነሣዋለን። ለአንድ ሴኮንድ 12 ፎቶግራፍ ቢያስፈልግ ለአንድ ደቂቃ 720፣ ለአምስት ደቂቃ 3,600 ይሆናል። ድምፁን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለማድረግ አስበናል።

ታዲያ በስብሰባው ላይ ከመካከላችን አንዱ «ትሉን በታዋቂው ካርቱን መልክ እንሣለው፤ ማስታወቂያው ላይም የዚያን ፊልም ስም የሚመስል ስም እናውጣለት፤ አለዚያ ልጆች አይመጡም» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ብዙዎቻችንም ደግፈነው ነበር። በዚህ ጊዜ አንዲት እኅታችን «ባለፈው የተሳቀባት ልጅ ብትመጣስ? ሁለተኛ እናታልላት?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጠ አልነበረም። የሳሪላም ታሪክ ትዝ አለን፤ እኛም የራሳችንን ቅዱስ ታሪክ በሰው ሽፋን ልንሸፍነው ነበር።

ቅዱስ ያሬድ ከትሉ የወሰደው ትዕግሥቱን ነው፤ የትሉን ቆዳ ግን አልለበሰም። ተመልሶ ወደ መምህሩ ሄደና በራሱ ድምፅ ዘመረ። እኛም ከትልልቆቹ ፊልሞች ልንወስደው የሚገባን ጥንቃቄውን፣ ታሪክ አወራረዱንና ለልጅ ያለውን አክብሮት ነው። በመሆኑም ማስታወቂያው ላይ «ቅዱስ ያሬድና ትሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በወረቀት የተሠራ» ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ። እስካሁን የተነሣው ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ የትሉም አካሄድ ገና እንደሚገባው አልሆነም።

ልጅቷን በተመለከተ ሁለታችን ቤቷ ሄደን እናቷ ባሉበት ይቅርታ ጠየቅናት፤ የተሳሳትነው እኛ እንጂ አንቺ አይደለሽም አልናት። እናቷም ያንን ዲስክ ልጃቸው ስትለምናቸው ከርማ ለልደት በዓል የገዙላት መሆኑን ነገሩን። ያን ጊዜ ነገሩ በደንብ ገባን። ሀብታም ልጅ ሁለቱንም አይቶ ይለያል፤ ያልተረፈው ቤት ልጅ ግን አስመሳዩን ብቻ ይዞ ያድጋል፤ ሳቁም የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ልጅቷ ተመልሳ መጥታለች፤ አሁን ለዛፉ የሚሆኑትን ቅጠሎች ከሚቆርጡት አንዷ ናት።

6. ምን እናድርግ?

በውጭ አገር ፍርድ ቤት የኩባንያው ስም በሽፋኑ ላይ እንዲታተም ሊያደርግ ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ፊልም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሽፋኑ ይቀራል፤ የሚሄደው ስሙ ብቻ ነው። ስለሆነም ሽፋን ሆኖ መጠበቅ የሚገባው ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት ነው። ይኸውም፦

ሀ. ለሕፃናት የሚታይ ማንኛውንም ፊልም አስቀድመን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንይ።

ለ. ማን እንደ ሠራው ስሙን ፈልገን ለልጆቹም እንንገር፤ በፈቃድ የሚታየውን እንምረጥ።

ሐ. ያልያዝነውን ፊልም ስም ጠርተን ልጆችን አንጥራ።

መ. አስመሳዩን ፊልም ወድዶ በያዘ ልጅ ላይ አንሳቅ፤ ሲሳቅበትም ዝም አንበል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመዝሙር፣ በድራማና በማስታወቂያ ሥራችን የሌላውን ስም ወይም መልክ ለገበያ የተጠቀምንበት ጊዜ አለን?

2. በመማር መምሰልና በማታለል መምሰል መካከል ያለውን ልዩነት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አሰጣጥ ምሳሌ እየሰጣችሁ አስረዱ።

3. በአጥቢያችሁ ለልጆች ሊነገር የሚገባው፣ ገና ያልተነገረው የራሳችሁ ታሪክ የትኛው ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።