ቁራጭ ላሜራ ላይ ጀምሩ

በለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ «ስቱዲዮ ባገኝ እጀምራለሁ» እያላችሁ የምትጠብቁ ወጣቶች፣ ዛሬ ስለ ኤቺንግ ላጫውታችሁ። በዚህ የኅትመት ጥበብ መስመሩን የሚቆፍረው አሲድ ነው። የመዳብ ላሜራ በሰም፣ በሬንጅና በሙጫ ቅልቅል ይቀባና በመርፌ ይጫራል። አሲድ ውስጥ ሲነከር የተጫረው ይበላል፣ የተሸፈነው ይተርፋል። ጎድጓዳው ቀለም ይሞላል፤ ላዩ ይጠረግና እርጥብ ወረቀት ላይ ይታተማል።

እኔን የሚማርከኝ በሽፋኑ ላይ የሚደረገው ሙከራ ነው። ሰሙን አለስልሱና የነጠላ ጥለት ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ጫኑበት፤ የክሩ ሽመና፣ የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይወጣል። ደግሞ ላሜራው ላይ በስኳር ሽሮፕ ሣሉ፤ ሲደርቅ በቫርኒሽ ሸፍኑትና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። ስኳሩ እየሟሟ ቫርኒሹን ያነሣዋል፤ የብሩሻችሁ ምት ከነሕይወቱ ይገለጣል። ስኳር እኮ ነው፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው!

እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱ ይህንኑ የስኳር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2016 በሠራችው «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» ላይ ተጠቅማበታለች። የደማስቆን ሕንፃዎች ንድፍ በፎቶ ዘዴ ላሜራ ላይ አሳርፋ፣ ከላዩ በስኳርና በብሩሽ በሚቀባ አሲድ ደራረበችበት፤ ስድስት ወረቀት ጎን ለጎን ተገጥሞ አንድ ሥራ ሆነ። በዚያው ዓመት ሥራዎቿ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ለአዲስ አበባ ሕዝብ ታይተዋል። ከእኛው ከተማ የተነሣች እጅ እስከዚህ ደርሳለች።

የዚህ ሙያ ሰዎች ዋናውን ላሜራ ከመንካታቸው በፊት ቁራጭ ላይ ይሞክራሉ። አንዱን ጥግ አምስት ደቂቃ፣ ሌላውን አሥር፣ ሌላውን ሃያ ያስበሉታል፤ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል። ውጤቱን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። የተበላሸው ቁራጭ አይጣልም፣ ለቀጣዩ መመሪያ ይሆናል። እናንተም ጽሑፍ፣ ንግድ ወይም ቋንቋ ለመጀመር ብትፈልጉ መጀመሪያ ቁራጩን ፈልጉ፤ አንድ ገጽ፣ አንድ ደንበኛ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።

አሲዱን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ ጓንት፣ አየር የሚያስገባ ክፍልና አስተማሪ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእንጨት ኅትመት ያስተማረበት የዛሬው አለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ዛሬ ማታ በነጭ ሻማ ወረቀት ላይ ሣሉና በውሃ የቀጠነ ቀለም ደርቡበት። ነገም ሌላ ወረቀት አዘጋጁ።