ከክልከላው በፊት ረሃቡ፦ የአዩርቬዳ የአመጋገብ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ

ስለ አዩርቬዳ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ክልከላው ነው፤ ዓሣ ከወተት ጋር አይበላም፣ ማር አይሞቅም፣ ወዘተ። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊው የሕንድ የሕክምና መጽሐፍ እነዚህን የማይስማሙ ምግቦች በዝርዝር አስቀምጧል። ዝርዝሩን ሲጨርስ ግን ወጣት ለሆነ፣ አካሉን ለሚያሠራ፣ ምግቡን ለለመደው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «አግኒ» የሚባለው የምግብ መፍጫ እሳቱ ለበረታ ሰው ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ይናገራል። ይቺን ነገር የሚያነሳት ጥቂት ነው። ስለዚህ ከእሳቱ እንነሳ።

ደረጃ 1፦ እስኪርብዎ ይጠብቁ። በላይ በላዩ መብላት በአዩርቬዳ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ሳይፈጭ የቀረው ምግብ «አማ» ወደሚባል ዝቃጭ ይለወጣል ተብሎ ይታመናል። ቀድሞ የበሉት መፈጨቱን የሚያውቁት በሰዓት ሳይሆን በምልክት ነው፦ ሰውነት ቀለል ይላል፣ ረሃብና ጥማት ይመጣል፣ ሲያገሱም የምግብ ጠረን የለውም። አሥር ሰዓት ላይ ሲያገሱ የምሳው ሽሮ ከሸተተዎ መክሰሱን ይዝለሉት።

ደረጃ 2፦ ረሃቡ ደከም ካለ ዝንጅብል። እንደ ጥፍር የሳሳ ጥሬ ዝንጅብል ቆርጠው፣ ጨው ነስነስ አድርገው ከምግብ ጥቂት ቀደም ብለው ያኝኩት። የሚመረጠው የድንጋይ ጨው ነው፤ አሞሌም ይሆናል። ጨጓራ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ደረጃ ይተወው።

ደረጃ 3፦ ዋናው ምግብ በቀትር። እሳቱ ከፀሐይ ጋር ይበረታል ስለሚባል ከበድ ያለው ምግብ ለምሳ ነው። እራት ቀለል ይበል።

ደረጃ 4፦ አሁን ወደ ጥምረቱ። ወተት ለብቻው ይጠጣ፤ ከዓሣ፣ ከጎምዛዛ ፍራፍሬና ከጨው ጋር አይገናኝ። ሙዝም ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ አለበት፤ የጁስ ቤት ደንበኞች ይቅር ይበሉኝ። ማርና ንጥር ቅቤ እኩል በእኩል አይቀላቀሉ፤ አንዱ ከበለጠ ችግር የለም። ሻይዎ ላይ ማር የሚጨምሩ ከሆነ ለብ እስኪል ይታገሡ። እርጎ ማታ አይበላም። ዘመናዊ ሕክምና አብዛኞቹን እነዚህን ክልከላዎች በጥናት አላረጋገጠም፤ እኔም ብሆን ሆዴ ካልተቃወመ የምታሰርባቸው አይመስለኝም።

ደረጃ 5፦ ሆድ ሲነፋ ኪችዲ። ሩዝና ማሾ ክክ አብሮ የሚበስልበት ይህ የሕንድ ቤቶች ምግብ፣ ለታመመም ሆድ ለከበደውም የሚቀርብ ነው። ማሾ የተመረጠው ከጥራጥሬ ሁሉ ቀላሉ ነው ስለሚባል ነው።

ግማሽ ኩባያ ማሾ ክክና ግማሽ ኩባያ ባስማቲ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ አጥበው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉ። ድስት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ያቅልጡ፤ የኛው ኮረሪማና ኮሰረት ስላለበት ያለ ቅመም የተነጠረውን ይጠቀሙ። አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጣል ያድርጉና እስኪንጣጣ ይጠብቁ። ከዚያ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ ካገኙ ከሕንድ ቅመም ሻጮች ሂንግ በቁንጥጫ፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይጨምሩ። እርድ ቶሎ ያርና ይመራል፤ ስለዚህ ወዲያው ክክና ሩዙን አስከትለው ያማስሉ። አምስት ኩባያ ውሃ ጨምረው ሲንተከተክ እሳቱን ይቀንሱ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ክኩ ፈርሶ ከሩዙ ጋር እንደ ገንፎ ሳይጠጥር፣ እንደ ሾርባም ሳይቀጥን ሲቀር ደርሷል። ጨው በመጨረሻ።

ደረጃ 6፦ ልክ። ቻራካ ሆድን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ አንዱ እጅ ለጠጣር ምግብ፣ አንዱ ለፈሳሽ፣ አንዱ ባዶ ይቀራል። ውሃ በምግብ መሐል በጉንጭ በጉንጭ ይጠጣል እንጂ ብርጭቆ አይገለበጥም። ከምሳ በኋላ «ታክራ» ቢያዘጋጁ ጥሩ ነው፦ አንድ እጅ እርጎ በሦስት እጅ ውሃ በደንብ ይመቱ፣ ላዩ ላይ የሰፈፈውን ቅባት ይግፈፉ፣ የታመሰና የተፈጨ ከሙን ከጨው ጋር ይበትኑበት። አሬራ የለመደ ሰው አይቸገርም።

ደረጃ 7፦ ልማድን በሩብ በሩብ ይተዉ። መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ የለመዱትን በአንድ ቀን ማቋረጥን አይደግፍም። በየጠዋቱ ሙዝ በወተት የሚጠጡ ከሆነ መጀመሪያ ሩቡን ሙዝ ይቀንሱ፤ ሰውነትዎ ሲለምደው ግማሹን፣ ከዚያም የቀረውን። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር ወይም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።