የአንጀት ኦፕራሲዮን ለተደረገለት ሰው የሚገባ ጥንቃቄ

በአንጀት ኦፕራሲዮን የሐኪሙ ሥራ ሲፈጸም የቤተ ሰቡ ሥራ ይጀምራል። በአገራችን የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ፣ አንጀትን ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ ብዙ ሰዎች በድንገት ወደ ሆስፒታል ተወስደው ይህ ሕክምና ይደረግላቸዋል። በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ ወረዳ፣ በባንኮ ጎቲቲ የሚኖር ሰው በዲላ ሆስፒታል ታክሞ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቁት ቤተ ሰቦቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። ስለሆነም ይህን ትምህርት የሚያነቡ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ማንበብ ለማይችሉት እንዲያሰሙልን እንለምናለን።

አንጀት ከተነካና ከተቆረጠ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንቅስቃሴውን ያቆማል። ትንሹ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ በ1 ቀን ውስጥ፣ ትልቁ ግን ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ሥራውን ይጀምራል። የመንቃቱም ምልክት ፈስ መውጣቱ ነው። ይህን መናገር በባህላችን የሚያሳፍር ቢሆንም፣ ለሐኪሙ የምሥራች ስለሆነ በሽተኛው ሳያፍር ይንገረው።

የትልቁ አንጀት አንዱ ተግባር ውሃን መምጠጥ ነው። ስለዚህ ከፊሉ ሲቆረጥ ዓይነ ምድሩ ለጥቂት ሳምንታት ሊቀጥንና ቶሎ ቶሎ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የቀረው ክፍል ሥራውን እየለመደ ሲሄድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። በሌላ በኩል የሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ሆድን ያደርቃል።

ርኅሩኅ ቤተ ሰብ «ተጎድቷልና ይጠንክር» በማለት ቅቤ የበዛበት ምግብ በአንድ ጊዜ ያቀርባል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገና ያልበረታ አንጀት ይህን ሸክም አይችለውም። ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ይሰጥ። አጥሚት፣ ቃጫ የሌለው የቡላ ገንፎ፣ በደንብ የበሰለ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ሙዝ ይስማማሉ፤ ቁስሉን ለመጠገንም እንቁላልና በሚገባ የበሰለ የዶሮ ሥጋ ይጠቅማሉ። ቃጫ ያለበት ቆጮ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ቆሎና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆዩ፤ ኋላም አንድ አንድ እየተባለ ይሞከሩ። ጥሬ ሥጋና አረቄ ፈጽሞ አይገቡም።

ባንኮ ጎቲቲ የቡና አገር ናትና «ቡናስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በጀርመን አገር የትልቁ አንጀት ኦፕራሲዮን በተደረገላቸው 80 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቡና የጠጡት በአማካይ በ60 ሰዓት፣ ውሃ የጠጡት ግን በ74 ሰዓት ገደማ ዓይነ ምድር ወጥተዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ ቡና አይከለከልም፤ ተቅማጥ ያለበት ሰው ግን ይቀንሰው።

ተቅማጥ ቢበዛ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ምግብ የሚያዘጋጅም ሆነ የሚያስታምም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሆድ ቢደርቅ ውሃ መጠጣትና በደጅ ቀስ ብሎ መመላለስ ይረዳል። ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣት፣ ሆድንም በወጌሻ ማሳሸት ግን የተሰፋውን አንጀት ሊበጥስ ስለሚችል እጅግ አደገኛ ነው። ለ6 ሳምንታት ያህልም የውሃ ጀሪካንና የቡና ጆንያ መሸከም አይገባም።

በሆዱ ላይ የዓይነ ምድር መውጫ የተከፈተለት ሰው ቢኖር፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ይህ ሰው ሕይወቱ የተረፈው በዚህ መንገድ ነውና ከማዕድ አይገለል፤ ብዙ ጊዜም መውጫው በሌላ ኦፕራሲዮን ይዘጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምልክት ሲታይ ግን ለነገ ማለት አይገባም። ሆዱ ቢነፋ፣ ፈስም ዓይነ ምድርም ቢቋረጥ፣ አረንጓዴ ትውከት ቢመጣ፣ ትኩሳት ቢነሣ፣ ቁስሉ መግል ቢይዝ፣ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር ቢታይ፣ አንድ እግር ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አንጀቱ ሳይቆረጥ ጠመዝማዛው ብቻ የተፈታለት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ አንጀቱ ዳግመኛ ሊጠመዘዝ ይችላልና። የታመመን ሰው ከገጠር ወደ ዲላ ማድረስ ድካም እንዳለው እናውቃለን፤ ሆኖም የደም መዘዋወሩ የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ስለሚሞት፣ በማለዳ የሚድን ሰው በማግሥቱ ላይድን ይችላል።